ልጃችሁ ፕሮቤሽን ላይ ከሆነ አትደብቁት፤ ዋስ ሁኑት

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ታገሡኝ። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

እዚህ ካኩማ፣ ከአሜሪካ ተደውሎ «ልጁ ተይዞ ነበር፤ ግን አልታሰረም፤ ፕሮቤሽን ብቻ ነው የሰጡት» ሲባል ቤቱ በሙሉ እፎይ ይላል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየእምነቱ ያመሰግናል። ከዚያ ወሬው ይዘጋል። ስለ ልጁ ዳግመኛ የሚጠይቅ የለም፤ የሚናገርም የለም። እኔ ግን ዋናው ፈተና የሚጀምረው ያን ቀን ነው እላለሁ።

ጠበቃ አይደለሁም፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ ሚኒያፖሊስ፣ ኮሎምበስ፣ ዴንቨር፣ ሲያትልና ዳላስ ናቸው። ብዙዎቹ የምረቃ ፎቶ ይልኩልኛል። አንዳንዶቹ ደግሞ ከፍርድ ቤት የመጣ ወረቀት ፎቶ አንስተው «መምህር፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ይሉኛል። እነዚያን ወረቀቶች ለመረዳት ስል ብዙ አነበብኩ። ያነበብኩትን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው ይህን የምጽፈው።

ሐሳቤ ባጭሩ ይኸው፤ ፕሮቤሽን ከነጩ ይልቅ ጥቁሩ ላይ ይከብዳል። የእኛ ልጆች ጥቁርም ስደተኛም ስለሆኑ ሁለት ጊዜ ይከብድባቸዋል። የእኛ የዘመዶቻቸው ዝምታ ሲጨመር ደግሞ ሦስተኛ ሸክም ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንዲቀሉ ሕግ መለወጥ አለበት። ሦስተኛውን ግን ዛሬ ማታ ማንሳት እንችላለን።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። በአገራችን ፍርድ ቤት «በገደብ ተለቀቀ» ሲባል የምናውቀው ነገር አለ፤ ፕሮቤሽን ለእሱ ይቀርባል። አመክሮ ከምንለው ጋር አታምታቱት። አመክሮ የእስሩን ከፊል ጨርሶ በጠባዩ ለሚፈታ ሰው ነው፤ አሜሪካኖቹ ፓሮል ይሉታል። ፕሮቤሽን ግን ዳኛው «እስር ቤት አልልክህም፤ ወይም ትንሽ ብቻ ትታሰራለህ፤ ለዚህን ያህል ዓመት ግን በቁጥጥር ሥር ትኖራለህ» ሲል ነው። ተቆጣጣሪው ፕሮቤሽን ኦፊሰር ይባላል። በተቀጠረልህ ቀን ትቀርባለህ። አድራሻ ስትቀይር ታሳውቃለህ። ያለ ፈቃድ ከስቴቱ አትወጣም። ሲጠይቁህ ሽንትህን ለምርመራ ትሰጣለህ። ሥራ ይዘህ መገኘት፣ የታዘዘልህን የምክር ትምህርት መከታተል ይጠበቅብሃል። በብዙ ቦታም ለቁጥጥሩ ራሱ ገንዘብ ትከፍላለህ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ፣ አዲስ ወንጀል ባትሠራም፣ ኦፊሰሩ ለዳኛው ሊያመለክት፣ ዳኛውም ተንጠልጥሎ የቆየውን እስር ሊያወርድብህ ይችላል። ይህን ዓይነቱን ጉድለት ቴክኒካል ቫዮሌሽን ይሉታል።

ለእኛ ይህ ሕይወት እንግዳ አይደለም። ከካኩማ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ እንጠይቃለን። ለቆጠራ በተጠራንበት ቀን ካልተገኘን ስማችን ከመዝገብ እንዳይወጣ እንሮጣለን። አንድ ማኅተም የጎደለው ወረቀት የስንት ወር መንገድ እንደሚዘጋ እናውቃለን። ልጁ ከዚህ ዓይነት ኑሮ ወጣ ብለን ሸኘነው፤ አሁን አሜሪካ መሐል በሌላ ስም እየኖረው ነው። ታዲያ ሌላው ቢቀር እኛ እንዴት አይገባንም?

አጀማመሩ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1841 ቦስተን ከተማ ጆን ኦገስተስ የሚባል ጫማ ሠሪ ፍርድ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰካራም ለፍርድ ቀረበ። ጫማ ሠሪው ዋስ ሆኖ አስወጣው፤ መጠጥ እንዲተውም ቃል አስገባው። ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ሰውዬውን ይዞት ሲመለስ ተለውጦ ነበር፤ ዳኛውም በእስር ፋንታ የአንድ ሳንቲም መቀጫና የፍርድ ቤቱን ወጪ ብቻ አስከፈለው። ኦገስተስ በ1859 እስኪሞት ድረስ ወደ 2,000 ለሚጠጉ ሰዎች ዋስ ሆነ። ሥራ ፈለገላቸው፤ ማደሪያ የሌላቸውን አስጠጋ። የማሳቹሴትስ ስቴት በ1878 ይህን ሥራ በሕግ የመንግሥት ደሞዝተኛ ሥራ አደረገው፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ስቴቶች ተዛመተ።

ፕሮቤሽን ሲወለድ ዋስ ነበር ማለት ነው። ዋስ ምን እንደሆነ እኛን የሚያስተምረን የለም። ዋስ የሆነ ሰው ቀጠሮው ሲደርስ ማልዶ በር ያንኳኳል፤ ልጁ ከጠፋ ፈልጎ ያመጣዋል፤ ከዳኛው ፊት ስለሱ ይናገራል። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ግን በብዙ ቦታ ዋሱ ዘበኛ ሆኗል። አንድ ኦፊሰር ብዙ ፋይል ይይዛል፤ ልጁን የሚያውቀው በስህተቱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። በአሜሪካ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ፕሮቤሽን ላይ ነው። ከአገሩ ሕዝብ መካከል ከመቶ ሰው ጥቁሩ 13 ወይም 14 ነው። ፕሮቤሽን ላይ ካሉት ግን ከመቶው 30 ያህሉ ጥቁር ነው። አንድ የፍትሕ ጥናት ማዕከል በ2019 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ወደ ስቴት እስር ቤቶች ከሚገቡት ከመቶው 45ቱ የሚገቡት የፕሮቤሽን ወይም የፓሮል ግዴታ ስለጣሱ ነው፤ ከመቶው ወደ 25 የሚጠጉት ደግሞ አዲስ ወንጀል ሳይሆን ቴክኒካል ቫዮሌሽን ነው ያስገባቸው። ከእስር ያድናል የተባለው መንገድ ራሱ ወደ እስር ቤት የሚወስድ ሌላ በር ሆኗል።

«ዳኞቹ ሁሉ ዘረኛ ናቸው ልትል ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። እዚህ ላይ ሒሳቤን ልጠቀም። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በየደረጃው ጥቁሩ ላይ ያለው ጫና ከነጩ በ20 በመቶ ብቻ ይበልጣል እንበል። መጀመሪያ ፖሊስ ያስቆማል፤ ቀጥሎ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ይመርጣል፤ ቀጥሎ ዳኛው የፕሮቤሽኑን ርዝመት ይወስናል፤ በመጨረሻ ኦፊሰሩ ጥፋቱን ይለፈው ወይስ ሪፖርት ያድርገው የሚለውን ይመርጣል። አራት ደረጃ ነው። 1.2 ን አራት ጊዜ በራሱ አባዙት፤ 2.07 ይመጣል። በየበሩ «ትንሽ ናት» የተባለችው ልዩነት ከአራተኛው በር ስትወጣ እጥፍ ሆናለች። በየደረጃው ያለው ሰው «እኔ ምን አደረግኩ?» ብሎ በንጹሕ ልብ ሊምል ይችላል። ልጁ ግን የሚሸከመው ድምሩን ነው።

ይህ የጥቁር ሰሌዳ ምሳሌ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ኧርባን ኢንስቲትዩት የሚባለው የጥናት ተቋም በ2014 ያወጣውን ሥራ ልጥቀስ። አራት ቦታዎችን አይቷል፤ የቴክሳሱን ዳላስ፣ ከአይዋ ስቴት አንድ የፍርድ ወረዳ፣ የኦሪገኑን ፖርትላንድ የያዘውን ካውንቲ፣ እና ኒውዮርክ ከተማን። በአራቱም ቦታ የጥቁሮች ፕሮቤሽን ከነጮቹም ከሂስፓኒኮቹም በበለጠ መጠን ይሰረዛል። ተመራማሪዎቹ ለልዩነቱ ትልቅ ድርሻ ያላቸው የቀድሞ ሬከርድና «የስጋት ነጥብ» የሚባለው ውጤት ናቸው ይላሉ። እሺ፤ ሬከርዱስ ከየት መጣ? ፖሊስ ቀን ከሌት በሚዞርበት ሰፈር የሚኖር ልጅና ፖሊስ በማይታይበት ሰፈር የሚኖር ልጅ ተመሳሳይ ጥፋት ቢያጠፉ፣ ሬከርድ የሚኖረው አንደኛው ብቻ ነው። ነጥቡን የሚሰጠው መጠይቅም ቋሚ ሥራ አለህ ወይ፣ አድራሻ ስንት ጊዜ ቀየርክ፣ ጓደኞችህ ተይዘው ያውቃሉ ወይ የሚሉ ጥያቄዎችን ሊይዝ ይችላል። አዲስ የገባ ስደተኛ በአንድ ዓመት ሦስት ቤት ይቀያይራል። ድህነቱ ራሱ ነጥብ ሆኖ ይቆጠርበታል።

ወጣቶቹ ሚክ ሚልን ታውቁታላችሁ። የፊላደልፊያው ራፐር ገና በ19 ዓመቱ፣ በ2007፣ በተያዘበት ጉዳይ ከአሥር ዓመት በላይ ከፍርድ ቤት እግር አልወጣም። በኅዳር 2017 ፕሮቤሽን ጥሰሃል ተብሎ ከሁለት እስከ አራት ዓመት እስር ተፈረደበት፤ ከተቆጠሩበት ነገሮች አንዱ መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት በአንድ ጎማ መንዳቱ ነበር። በሚያዝያ 2018 የፔንሲልቫኒያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እንዲፈታ አዘዘ፤ በ2019 የመጀመሪያው ፍርድ ራሱ ተሻረ። ያ ሰው ገንዘብ፣ ስም፣ ውድ ጠበቆች ነበሩት። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚደረድረው የእኛ ልጅስ?

አሁን የሚያስቀይም ነገር ልናገር ነው፤ ግን እንደ ወንድም ስሙኝ። ከእኛ መሐል ብዙ ሰው «ይሄ የጥቁር አሜሪካኖቹ ጉዳይ ነው፤ እኛ እንደነሱ አይደለንም» ይላል። አባቶች ልጆቻቸውን «ከነሱ ጋር እንዳትውል» ብለው ይመክራሉ። ኩራቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ነገር ግን ማታ መኪና ያስቆመ ፖሊስ የአክሱምን ታሪክ አይጠይቅም። ኮምፒውተሩም ላይ ያለው ሳጥን «ጥቁር» ይላል እንጂ «ሐበሻ» የሚል ሳጥን የለውም። ደግሞም ልጆቻችን ዛሬ የሚጠቀሙባቸው መብቶች የተገኙት እነዚያ «እንደነሱ አይደለንም» የምንላቸው ሰዎች በደም ታግለው ነው። በሸክሙ ላይ አብረን ተቆጥረናል፤ በትግሉ ላይ ብቻ ተለይተን መቆም አያምርብንም።

ወደ ራሳችን ኑሮ ስንመጣ ደግሞ ልጆቻችንን የሚጥሏቸው ነገሮች ሌላው ሰው የማያያቸው ናቸው።

አንዱ ለቅሶ ነው። አጎት ሞተ ይባላል። ልጁ ከሚኒሶታ ተነስቶ ኦሃዮ ለቅሶ ይደርሳል። ለእኛ ይህን ያላደረገ ሰው አይደለም። ለፕሮቤሽን ኦፊሰሩ ግን ያለ ፈቃድ ከስቴት መውጣት ነው። ሁለተኛው ጫት ነው። እዚህ ኬንያ በአደባባይ የሚሸጠው ቅጠል፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት አደገኛ ዕፆች ተርታ ተመድቧል። ማሪዋናም ብዙ ስቴቶች ቢፈቅዱትም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ኢሚግሬሽን የሚያየው ደግሞ የፌዴራሉን ነው። ሦስተኛው ቤት መጋራት ነው። አምስት ወንድማማች በአንድ አፓርታማ ሲኖሩ አንዱ ሬከርድ ካለው፣ «ወንጀለኛ ከተባለ ሰው ጋር አትገናኝ» የሚለው ግዴታ የገዛ ወንድሙን ይመለከታል። አራተኛው ቋንቋ ነው። ያልገባንን ነገር «ኦኬ» ብለን መፈረም ለምደናል።

አንዲት እናት እዚሁ ካምፕ ስልኳን ይዛ መጣች። ልጇ አሜሪካ የሦስት ዓመት ፕሮቤሽን ላይ ነው። አንድ ቀጠሮ መኪናው ተበላሽቶበት ቀረ፤ ሌላ ጊዜ ለለቅሶ ከስቴት ወጣ። «መምህር፣ ኤክስቴንድ አደረጉለት አሉኝ፤ ምንድን ነው እሱ? ጥሩ ነገር ነው?» አለችኝ። ተራዘመበት ማለት ነው አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «የኔስ ፕሮሰስ?» አለች።

ጥያቄዋ የራስ ወዳድ ጥያቄ አልነበረም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ልጅ እናቱን ሊያመጣ የሚችለው ዜጋ ሲሆንና 21 ዓመት ሲሞላው ነው። ፕሮቤሽን ላይ ያለ ሰው ደግሞ የዜግነት ማመልከቻው ፕሮቤሽኑ እስኪያልቅ ድረስ አይጸድቅለትም። ስለዚህ እዚያ የተጨመረው ዓመት እዚህ ካኩማ የምትጠብቀው እናት ላይም ይጨመራል። የቆዳ ቀለም ያረዘመው ፕሮቤሽን ቤተሰብ መለያየትን ያረዝማል። ጉዳዩ ካምፕ ድረስ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። በ1996 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት፣ ዳኛው የፈረደው እስር ሙሉ በሙሉ በገደብ ቢታገድና ልጁ አንድ ቀን እንኳ ባይታሰርም፣ ኢሚግሬሽን የታገደውን ዓመት እንደተፈረደ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስርቆት ወይም የኃይል ድርጊት ከሆነና የተፈረደው አንድ ዓመት ከሞላ፣ «ከባድ ወንጀል» በሚባለው ምድብ ገብቶ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ሳይቀር ለዲፖርቴሽን ይዳርጋል። ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንድ ፍርድ ቤት «ጥፋተኛ ነኝ በል፤ ፕሮቤሽኑን በሰላም ከጨረስክ ፍርዱን አንመዘግብም» ይላል። በስቴቱ ዘንድ ልጁ ነጻ ነው። በኢሚግሬሽን ዘንድ ግን ጥፋቱን አምኖ ቁጥጥር ከተጣለበት እንደተፈረደበት ይቆጠራል። ነጩ ጓደኛው ያንኑ ወረቀት ፈርሞ ሕይወቱን ይቀጥላል፤ የእኛ ልጅ ከዓመታት በኋላ አየር ማረፊያ ላይ ይያዛል።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ አገር ነው፤ እኛ ምን አቅም አለን?» የሚል ካለ፣ ነገሩ መለወጥ እንደሚችል በዓይናችን አይተናል። ካሊፎርኒያ ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ለአብዛኞቹ ጉዳዮች ፕሮቤሽንን በቀላል ወንጀል በአንድ ዓመት፣ በፌሎኒ በሁለት ዓመት ገደበች። ብዙ ወገኖቻችን ያሉባት ሚኒሶታ አንዳንድ ሰዎችን ለአሥርና ለሃያ ዓመት ፕሮቤሽን ላይ ታስቀምጥ ነበር፤ በ2023 ለአብዛኞቹ ፌሎኒዎች ጣሪያውን አምስት ዓመት አደረገች። በዚያው ዓመት የግሮስ ሚስዲሚነር ከፍተኛ ቅጣትን ከ365 ቀን ወደ 364 ቀን ዝቅ አደረገች። ዋሽንግተን ስቴት ይህንኑ በ2011 አድርጋው ነበር። አንዲት ቀን ምን ለውጥ ታመጣለች እንዳትሉ፤ ያቺ ቀን ናት «አንድ ዓመት» የሚለውን የኢሚግሬሽን መስመር የምታስጥሰው። በአንዲት ቀን ስንት ቤተሰብ ይተርፋል። ፔንሲልቫኒያም በታኅሣሥ 2023 በቴክኒካል ቫዮሌሽን ማሰርን የሚገድብ ሕግ አወጣች።

እነዚህ ሕጎች ስለ ቀለም አንድም ቃል አይናገሩም፤ ልዩነቱን ግን ያጠባሉ። በቀላል ሒሳብ ይገባል፤ ፕሮቤሽኑ ካጠረ የመውደቂያው ቀን ያንሳል፤ ኦፊሰሩ በራሱ ፈቃድ የሚወስነው ነገር ከቀነሰ አድልዎ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠባል። ሌሎች የሚቀሩ ነገሮችም አሉ። ለድሃ የቁጥጥር ክፍያ ይቅር። የቀጠሮ ሰዓት ከሌሊት ሠራተኛ ጋር ይስማማ። ማን በምን ምክንያት ፕሮቤሽኑ እንደተሰረዘበት በዘር ተለይቶ በየካውንቲው በየዓመቱ ይውጣ። ያልተቆጠረ ነገር አይታረምም።

«ወንጀል የሠራ ይቀጣ፤ ለምን ትከራከርለታለህ?» የሚሉኝ አይጠፉም። እኔም እላለሁ፤ ይቀጣ። ሰው የጎዳ ይካስ፤ የሰረቀ ይመልስ። የተበዳይም እናት እናት ናት። የእኔ ጥያቄ ግን ለአንድ ጥፋት ሁለት ሰው ለምን ሁለት ዓይነት ዋጋ ይከፍላል የሚል ነው። ቀጠሮ በአውቶቡስ መዘግየት ቀረ ተብሎ ልጅን ማሰር ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፤ ሥራውን ያጣል፤ ቤቱን ያጣል፤ ሲወጣ ከገባበት የባሰ ሆኖ ይወጣል። ለሰፈሩም ደኅንነት የሚበጀው በእግሩ የቆመ ልጅ ነው።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ። እዚያም እዚህም ላለነው የሚሆን ጥቂት ነገር ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ልጃችሁ ከተከሰሰ «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለቱ በፊት ለጠበቃው «ዜጋ አይደለሁም» ይበል። ጠበቃ መግዛት ካልቻለና እስር የሚያስከትል ክስ ከሆነ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምለታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ፓዲያ በተባለ የግሪን ካርድ ባለቤት ጉዳይ ላይ፣ የወንጀል ጠበቃ ደንበኛውን ስለ ዲፖርቴሽን አደጋ የመምከር ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ጥያቄው ነውር አይደለም፤ መብት ነው። «ፕሮቤሽን ብቻ ነው» ሲባል በጥሬው አትቀበሉ። የታገደው እስር ስንት ቀን ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። በእንግሊዝኛ ገበያ መገበያየትና የፍርድ ቤት ወረቀት መረዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጁ አፉን በእንግሊዝኛ ቢፈታም አባቱ ካልገባው አባቱ አስተርጓሚ ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ቫዮሌሽን ተብሎ ከተጠራ አይጥፋ። የሸሸ ሰው ላይ የመያዣ ትዕዛዝ ይወጣል፤ ትንሹ ነገር ትልቅ ይሆናል። ፕሮቤሽን ከመሰረዙ በፊት ቀርቦ የመሰማት መብት እንዳለው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ወስኗል። ጠበቃ ሳያማክር ይህን መብቱን የሚያስቀር ወረቀት አይፈርም። ገንዘብ አጥቶ መቀጫ ያልከፈለ ሰውም ስለ ድህነቱ ብቻ መታሰር እንደሌለበት በ1983 ቤርደን በተባለ የጆርጂያ ሰው ጉዳይ ተወስኗል፤ ያ ሰው ሥራውን ያጣ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ነበር። ስለዚህ መክፈል ያልቻለ ልጅ ይቅረብ፤ ደሞዙን፣ ኪራዩን፣ ከሥራ የወጣበትን ወረቀት ይዞ ይቅረብ።

አራተኛ፣ ይሄ ለእኛ ለካምፕ ሰዎች ነው። ፕሮቤሽን ላይ ያለ ልጅ ላይ ገንዘብ አታስጨንቁ። እሱ ለቁጥጥር ይከፍላል፤ ለፍርድ ቤት ይከፍላል፤ ለታዘዘለት ትምህርት ይከፍላል። የእኛ «በዚህ ወርስ አልላክም» የምትል መልእክት ሁለተኛ ፈረቃ ታስገባዋለች፤ ሁለተኛው ፈረቃ ቀጠሮውን ያስረሳዋል። ራሽናችን መቀነሱን አውቃለሁ፤ እኔም የምኖረው በዚያው ነው። ግን አንድ ዓመት ታግሠን ልጁን ብናተርፍ ይሻላል። ለለቅሶም «ካልመጣህ» አትበሉት። «ፈቃድ ጠይቅ፤ ካልፈቀዱልህ በስልክ አልቅስ፤ አንቀየምም» በሉት። የዚያች ቃል ዋጋ ከገንዘብ ይበልጣል።

አምስተኛ፣ ዜጋ የሆናችሁ ምረጡ። በብዙ ስቴቶች የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ፣ ሸሪፉ፣ ዳኛው ሳይቀር በድምፅ ነው የሚመረጠው። ስለ ፕሬዝዳንት ምርጫ ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር እናድራለን፤ የልጃችንን ክስ የሚጽፈውን ሰው ግን ስሙን አናውቀውም። ለምርጫ ሲመጡ «ፕሮቤሽን የሚሰረዝባቸውን በዘር ለይታችሁ ታወጣላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

ስድስተኛውና ትልቁ፣ አትደብቁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እድራችን ለሞተ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተክላል፤ ሬሳ አገር ቤት ለመላክ በሺህ የሚቆጠር ዶላር በአንድ ሳምንት ይሰበስባል። በሕይወት ላለ ልጅስ? በየከተማው ባለው ማኅበራችን፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በመስጊዱ፣ ሦስት አራት ሰው ብቻ ቢመደብ ይበቃል። አንዱ በቀጠሮ ቀን በመኪናው ያድርሰው። አንዱ ወረቀቱን ያንብብለት። አንዱ ቀጣሪው ዘንድ ይናገርለት። አንድ ሽማግሌ በፍርድ ቤቱ ቀን ከኋላው ይቀመጥ። ብቻውን የቆመ ጥቁር ልጅ ለዳኛው ፋይል ነው። ከኋላው እናት፣ የነፍስ አባት ወይም ሼህ፣ መምህር የተቀመጡለት ልጅ የሰው ልጅ ነው። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ስንል የኖርነው ለዚህ ቀን ነው።

ያ የቦስተን ጫማ ሠሪ ሕግ አላረቀቀም፤ ሥልጣንም አልነበረውም። ተነስቶ ዋስ ሆነ፤ ሕጉ ከ37 ዓመት በኋላ ተከተለው። እኛ ከሱ በምን እናንሳለን? ዋስትና የአያቶቻችን ሕግ ነው።

ይህን ጽሑፍ አሜሪካ ላለ ዘመዳችሁ ላኩለት፤ በተለይ ስልኩን ማንሳት ለተወው። አስተያየት ስትጽፉ የማንንም ልጅ ስም፣ ከተማና ኬዝ በአደባባይ አታውጡ። ወረቀት ያልገባው ካለ በውስጥ መስመር ይላክልኝ፤ ቋንቋውን አብረን እናነባለን፤ ለሕጉ ጠበቃ ዘንድ ትሄዳላችሁ። ደግሞ ዛሬ ማታ «ያ ልጅ እንዴት ነው?» ብላችሁ ደውሉ። ሲያነሳ መጀመሪያ ስለ ቀጠሮው ጠይቁት፤ ስለ ገንዘቡ አይደለም።